ሳልተረጉማት የቀረችው ቃል

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ ወዳጄና ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱን ለብቻዬ ይዤው ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ነገር ግን ይህን ዓምድ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን እኔ በቆምኩበት ቦታ መቆማችሁ ስለማይቀር፣ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ወሰንኩ። የወዳጄን ስም አልጠቅስም። ቤተሰቡ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደው ስሙ ግን እንዲቀር ለምነውኛል።

ወዳጄ የወይን ጠጅ አዋቂ ነበር። ጠጪ አላልኩም፤ አዋቂ ነው ያልኩት። በሠላሳ አራት ዓመት ወዳጅነታችን አንድ ቀን እንኳ አንደበቱ ሲተሳሰር ወይም እግሩ ሲንገዳገድ አላየሁም። አንድ ብርጭቆ ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ይችል ነበር። ያሸተዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ወሬ ያወራል፣ እንደገና ያነሣና ያሸተዋል። ባለቤቱ፣ «ከብርጭቆው ጋር ምን ትማከራለህ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

የተዋወቅነው በ1985 በአንድ መርከዝ ክሊታ ውስጥ ነው። ሁለታችንም በሱዳን በኩል የመጣን ነን። በዕድሜ ስምንት ዓመት ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እለው ነበር። በጎንደር ገጠር ሳለን ለሰንበት ዳቦና ጠላ እንጂ የወይን ጠጅ አይተን አናውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ የኪዱሽ ወይን ሲቀርብልን ወዳጄ ቀመሰና፣ «ይህማ የሳል መድኃኒት ነው» አለ። ያን ቀን በጣም ሳቅን።

በ1987 ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በሚገኝ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው መጀመሪያ ላይ ትልልቆቹን የብረት ጋኖች ማጠብ ነበር። ከሩማኒያ የመጡ አንድ ሽማግሌ አለቃ ነበሩት። እኚህ ሰው አንድ ቀን ምንም ስኳር የሌለው ቀይ ወይን በብርጭቆ ቀድተው ሰጡት። ወዳጄ ቀመሰና ተፋው።

«መጥፎ ነው» አለ።

ሽማግሌው፣ «እዚህ ቤት ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አይባልም። በብርጭቆው ውስጥ ያለውን ተናገር። ምን ይሸታል?» አሉት።

ወዳጄ እንደገና አሸተተ። እናቱ ወተት የምትንጥበት ቅል በወይራ ሲታጠን የሚሸተው ሽታ መጣበት። ዕብራይስጡ ገና አልተቃናም ነበርና «ጭስ፣ እንጨት» ብቻ ብሎ መለሰ። ሽማግሌው እጁን ጨበጡት። ወይኑ ለአንድ ዓመት ያህል በእንጨት በርሜል ውስጥ የቆየ ኖሮ፣ በርሜሉ ደግሞ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይለበለባል። ወዳጄ በርሜሉን በአፍንጫው አግኝቶታል ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ገዝቶ በአማርኛ ይጽፍ ጀመር። ስለ ወይን የሚናገሩ የፈረንጅ መጻሕፍት የሚጠቅሷቸው ፍሬዎችና አበቦች እርሱ በሕይወቱ ያላያቸው ነበሩ። ስለዚህ የራሱን አወጣ። ካበርኔ ሶቪኞን የተባለውን ወይን «ቀጋ» ብሎ ጽፎለታል። ብዙ ዓመት የቆየውን ቀይ ወይን «አሮጌ አጎዛ፣ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር» ይለዋል። «ፈረንሳዮቹ የአገራቸውን ሸተቱ፤ እኔም የአገሬን እሸታለሁ» ይል ነበር። ቀስ በቀስም አለቆቹ አንድ ጋን ሲያጠራጥራቸው «እርሱን ጥሩት» ማለት ጀመሩ። ደመወዙ ብዙም አልጨመረም፤ ክብሩ ግን ጨመረ።

በፋብሪካው ውስጥ ከጆርጂያ የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረው። እኔ፣ ወዳጄና ጆርጂያዊው ሦስት ሆነን በበዓላት መካከል ባሉት ቀናት በአሮጌዋ መኪናዬ አገሩን እንዞር ነበር። በሪሾን ሌጽዮን አጠገብ ስናልፍ፣ ከተማዋ በ1882 ስትመሠረት ሰፋሪዎቹ እንዴት እንደተቸገሩ፣ ባሮን ኤድሞን ደ ሮትሺልድም ከፈረንሳይ የወይን ችግኝና አዋቂ እያስመጣ በሪሾንና በዚክሮን ያዕቆብ ትልልቅ የወይን ጠጅ ጓዳዎች እንዳሠራ ወዳጄ ይተርክልን ነበር። ዳቪድ ቤን ጉሪዮን በወጣትነቱ በሪሾን ጓዳ ውስጥ በጉልበት ሠራተኛነት እንደሠራ በሰማ ጊዜማ፣ «እንግዲያው የሥራ ባልደረባዬ ነው» ብሎ አሳቀን። በኔጌቭ በረሃ አቭዳት ላይ በቢዛንታይን ዘመን ከድንጋይ የተሠሩትን የወይን መጭመቂያዎች ባየ ጊዜ ደግሞ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆመባቸው።

ከሁሉ የሚወደው ግን ጎላንን ነበር። በ1972 ኮርኔሊየስ ኦው የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አካባቢውን አይተው ከፍታውና ቅዝቃዜው ለወይን እንደሚስማማ ተናገሩ። በ1976 የመጀመሪያው ወይን ተተከለ፤ በ1983 በካጽሪን ፋብሪካ ተቋቋመ። በሰሜን በኩል ያለው ማሳ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,200 ሜትር ይደርሳል። ይህን ስነግረው ወዳጄ ሳቀ። «እኛ እኮ ፕሮፌሰር አላስፈለገንም» አለ። «ቆላም ደጋም ያልሆነውን አገር ገና ድሮ ‹ወይና ደጋ› ብለን ሰይመነዋል። ስሙን አወጣንለት እንጂ ወይኑን መትከል ረሳን።»

በ2012 መስከረም ላይ ጆርጂያዊው ወደ ትውልድ አገሩ ይዞን ሄደ። ካኬቲ በሚባለው አውራጃ የወይን ለቀማ ነበር። እዚያ ገበሬዎቹ ወይኑን ክቬቭሪ በሚሉት ትልቅ የሸክላ ጋን ያፈላሉ። ጋኑ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ነው። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ የጋኑን አፍ በእጁ ዳሰሰ፤ ከዚያም ቀና ሳይል ብዙ ቆየ። በኋላ ስጠይቀው፣ «የአክስቴ ጋን ነው። እርሷ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ስድብ ተሰድባለች። እዚህ ግን ጋን የሚሠራ ሰው ይከበራል» አለኝ። በዓመቱ በ2013 ዩኔስኮ ይህን የጆርጂያ የአጠማመቅ ባህል ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዘገበው። ወዳጄም ጋዜጣውን ቀዶ ደብተሩ ውስጥ ለጠፈው።

በጆርጂያ ማዕድ ላይ ታማዳ የሚባል ሰው ይሰየማል። እርሱ ሳይናገር ማንም አይጠጣም። ለሰላም፣ ለእናት አገር፣ ለሞቱት፣ ለሕፃናት እያለ በየተራ ጽዋ ያነሣል። ወዳጄ ይህን ሥርዓት እጅግ ወደደው። «ሰው ከመጠጣቱ በፊት ለምን እንደሚጠጣ መናገር አለበት» ይል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያጫወትኳችሁ ሰውዬው ማን እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በ2017 ክረምት ወዳጄ ከሳ። እንጀራ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ፣ ጉርሻውን በውኃ እያወረደ ይበላ ነበር። ይህ ከጀመረው ብዙ ወራት እንደሆነው ያወቅነው በኋላ ነው። ለማንም አልተናገረም። በኅዳር ወር ወደ ሆስፒታል ተልኮ በቀጭን ቱቦ ጉሮሮውን አዩት፤ ናሙናም ወሰዱ። መልሱን ለመስማት ስንሄድ ባለቤቱና የበኩር ልጁ ኮሪደሩ ላይ ወደ ጎን ሳቡኝ። ልጁ ቀደም ብሎ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሯል። እናቲቱ እጄን ይዛ፣ «የአንተን አፍ ነው የሚያምነው። እባክህ ያችን ቃል አትናገርበት። ከሰማት ዕለቱን ይወድቅብናል» ብላ አለቀሰች።

እኔም እሺ አልኩ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ በአገራችን ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ ሲሆን ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ሰውዬው ቤት ሄዶ ነው የሚረዳው። የነቀርሳን ስም መጥራት ሞትን መጥራት ይመስለናል። ይህ ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው፤ አልንቀውም። ያን ቀን ግን ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

ሐኪሙ ቀስ ብለው በግልጽ ተናገሩ። በምግብ ማውረጃው ላይ «ጊዱል» እንዳለ፣ ጊዱሉም «ማምኢር» እንደሆነ ነገሩን። ማምኢር ማለት ክፉ፣ የሚዛመት፣ የነቀርሳ እብጠት ማለት ነው። ሕክምናው ኬሞቴራፒና ጨረር እንደሚሆን፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደሚጀመር፣ ሕክምናው ደግሞ ምራቅን ሊያደርቅና የአፍን ጣዕም ለረጅም ጊዜ ሊወስድ እንደሚችል አስረዱ። እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ጉሮሮህ ቆስሏል። እንዲድን ጠንከር ያለ ሕክምና ይሰጡሃል» አልኩት። ሐኪሙ፣ «ገባው?» ብለው ጠየቁኝ። «ኬን» አልኩ። ወዳጄ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ወደ መኪናው ስንሄድ፣ «ሐኪሙ ጊዱል አላሉም?» አለኝ። «ጊዱል ጌፋኒም እንደምንለው?» ጊዱል ጌፋኒም የወይን ተክል ልማት ነው። ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ የሚሰማው የሥራ ቃል ነበር።

«እንደዚያ ያለ ነገር ነው» አልኩት።

«ታዲያ እኔ ጉሮሮ ላይ ምን ተተክሎ ይሆን?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

በዚያው ወር ከተብሊሲ በስተ ደቡብ በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ስባሪዎች ተመርምረው ከ8,000 ዓመት በፊት የወይን ጠጅ እንደተያዘባቸው ሳይንቲስቶች አስታወቁ። ጆርጂያዊው ጓደኛችን ይህን ወሬ ይዞ እየሮጠ መጣ። ወዳጄ ከሰጠንታ ዓመት ጀምሮ በየጊዜው እየገዛ ለልጅ ልጆቹ ሠርግ ያስቀመጣቸው ስድስት ጠርሙሶች ነበሩት። ጆርጂያዊው፣ «ለ8,000 ዓመቱ አንዷን እንክፈት» ሲለው፣ «ገና ነው፣ ጊዜ አለን» ብሎ መለሰ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ጊዜ እንደሌለ አውቃለሁ። ከሳምንታት በኋላ ምላሱ እንደሚሄድበትም አውቃለሁ። ዝም አልኩ።

ሕክምናው ተጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ውኃው ብረት ብረት አለው። ቡናው ምንም የማይል ሙቅ ነገር ሆነ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን በኋላ ሐኪሙን ጠይቄ ተረድቻለሁ። በምላሳችን ላይ ያሉት ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳት በአሥር ቀን ገደማ እየሞቱ የሚታደሱ ናቸው። የነቀርሳው መድኃኒት ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚታደስን ሕዋስ ሁሉ ይመታል፤ ነቀርሳውን ከሌላው አይለይም። ጨረሩም የምራቅ ዕጢዎችን ከነካ ያደርቃቸዋል። ምራቅ ከሌለ ደግሞ ምግብ አይሟሟም፤ ካልሟሟም ምላስ አያውቀውም።

አንድ ምሽት ወዳጄ ወደ ቤቱ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ የተከፈተ ጠርሙስና አንድ ብርጭቆ ነበር። ቀዳልኝና፣ «እኔ አሁን ምላስ የለኝም፤ አንተ ቅመስልኝ» አለኝ። ቀመስኩ። ከተከፈተ የሰነበተ ኖሮ ኮምጥጧል። በታመመ ሰው ፊት ይህን መናገር ከበደኝና፣ «ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አልኩ።

ወዳጄ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደ። «ሆምጣጤ ሆኗል» አለ። «ባለቤቴ አሽትታ ነግራኛለች። አንተ ምን እንደምትለኝ ልስማ ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፁን ሳያሰማ ቆየና፣ «ማምኢር ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁም። መልሱን አግኝቶታል። የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጁን ጠይቋት፣ እርሷ ከመዝገበ ቃላት አውጥታ አንብባለታለች። ሽበታም ሰው ያልደፈረውን ሕፃን ልጅ እንድትነግረው አደረግሁ ማለት ነው።

«ሦስት ሳምንት ምላሴ ደህና ነበር» አለኝ። «ስድስቱ ጠርሙሶች እዚያ መደርደሪያ ላይ ነበሩ። ብታውቅ ኖሮ ብትነግረኝ...» ብሎ አቆመና አረመ። «አይ፤ ታውቅ ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ወዲያው ይቅር አላለኝም፤ ሄደህ ተኛ ብቻ ነው ያለኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ራሱ ደወለና፣ «በል ና፤ ከአሁን ወዲያ ምላሴ አንተ ነህ። ግን ያለውን ትናገራለህ» አለኝ።

በዚያ ዓመት አምስቱን ጠርሙሶች እንዲህ አድርገን ከፈትናቸው። ጆርጂያዊው ይቀዳል፤ እኔ እቀምሳለሁ፤ ወዳጄ ሐኪሞቹ ስለከለከሉት አይጠጣም፤ የደከመ አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው አስጠግቶ ይጠይቀኛል። «ቀጋ አለበት?» «አለ።» «የበሰለ ነው ጥሬ?» «የደረቀ ቀጋ ነው።» «ጭሱስ?» «ጭሱ ጠፍቷል፤ አፈር አለ።» እርሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና ይጽፋል። አንዱ ጠርሙስ ቡሹ ተበላሽቶ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ሲሸት፣ «ጋሼ፣ ይህ ሞቷል» አልኩት። በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀልኝ።

ሐኪሙ አንድ ሌላ እውነት ነገሩት፤ ይህንንም ሳልሸራርፍ ተረጎምኩ። አልኮል ነቀርሳ ከሚያመጡ ነገሮች አንዱ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ተቋም በ1988 መዝግቦታል። የአፍን፣ የጉሮሮን፣ የምግብ ማውረጃን፣ የጉበትን፣ የአንጀትንና የሴቶችን ጡት ይነካል። ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው እጅግ ይበረታል። ወዳጄ ከሱዳን ጀምሮ ለሃያ ዓመት ሲጋራ አጭሷል። ለዓመታትም ሲቀምስ ይውጥ ነበር እንጂ አይተፋም ነበር፤ መትፋት ነውር መስሎት። ሐኪሙ፣ «በእርስዎ ላይ ያመጣው ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ይሁን እንጂ ሊሆን ይችላል» አሉት። ወዳጄ ደብተሩ ላይ፣ «የወደድኳት ወይን አሳማኝ ይሆናል። እንደዚያም ሆኖ አልረግማትም። ወጣቶቹ ግን ይትፉ» ብሎ ጻፈ። ጠጅም ሆነ አረቄ፣ ወይንም ሆነ ቢራ፣ አልኮሉ ያው አንድ ነው።

በ2018 ሰኔ ላይ ያ ወሬ ተሰማ። አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ፋብሪካ የአንድን የካሽሩት አካል ማኅተም ለማግኘት ሲል ከኢትዮጵያ የመጡ ሠራተኞቹን ወይን ከሚነኩበት ሥራ አነሣቸው። እንደ ሥርዓቱ ያልተፈላ የወይን ጠጅ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ከነካው ለኪዱሽ አይሆንም፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ያረፈው በአይሁዳዊነታችን ላይ ነበር። የሰፋርዲም ዋና ራቢም ሳይቀሩ ነገሩን አወገዙ፤ ብዙ ቁጣ ከተነሣ በኋላም ፋብሪካው ውሳኔውን ሻረ። የወዳጄ መሥሪያ ቤት አልነበረም። እርሱ ግን አልጋው ላይ ሆኖ እጆቹን ዘርግቶ ብዙ አያቸው። ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ፣ «እነርሱ ስለ እጄ እኔን ሳይጠይቁ ወሰኑ፤ አንተ ስለ ጉሮሮዬ እኔን ሳትጠይቅ ወሰንክ» አለኝ። ክፋትና ፍቅር አንድ አይደሉም፤ ይህን እርሱም ያውቃል። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ እርሱ በሌለበት ስለ እርሱ ተወስኗል። ይህን እስካሁን አልረሳሁትም።

በ2019 ጸደይ በሽታው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ከመግባታችን በፊት፣ «ጋሼ፣ ሁሉን ልንገርህ ወይስ የተወሰነውን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሁሉን» አለ። ሐኪሙ የቀረው ጊዜ በወራት የሚቆጠር መሆኑን ተናገሩ። ተረጎምኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ቃሉ ግን ሙሉ ነበር። ባለቤቱ እንደፈራችው አልወደቀም። ወደ ቤት ሲመለስ ወረቀት ጠይቆ ማድረግ የሚፈልገውን ጻፈ። ጎንደር ላለው ወንድሙ፣ በርስት ምክንያት ለብዙ ዓመት ለተኳረፈው፣ ደወለና ታረቁ። ደብተሩን ለማን እንደሚተው ተናገረ። ጎላን መሄድ እፈልጋለሁ አለ።

በነሐሴ መጨረሻ የወይን ለቀማ ሲጀመር ይዘነው ሄድን። በማሳው ዳር ወንበር ዘረጋንለት። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ካቆመ ወራት ስላለፉ ጣዕሙ በጥቂቱ ተመልሶለት ነበር። ስድስተኛውን ጠርሙስ ከፈትን። ጆርጂያዊው ታማዳ ሆኖ ቆመ። ለሞቱት አለ። ለልጆቻችን አለ። ከዚያ ወደ ወዳጄ ዞሮ፣ «ያለውን ለሚናገሩ ሰዎች» አለ። ወዳጄ ከንፈሩን ብቻ አረጠበ። ሁለታችንም ፊቱን እያየን ጠበቅን።

«ወይራ» አለ። «ትንሽ ወይራ አለ።»

ከሱኮት በዓል በኋላ አረፈ። ደብተሩን ባለቤቱ ሰጠችኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ቃል ይኸው ወይራ የሚለው ነው፤ ከሥሩ ቀኑን ጽፎበታል።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ምግብ ለመዋጥ የሚያስቸግረው ወይም ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ሳምንታት አይጠብቅ፤ ኩፓት ሆሊም ሄዶ ይመርመር። ሁለተኛ፣ በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ በሽተኛው ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው በሚገባው መንገድ ተነግሮት፣ አውቆ እንዲስማማ ያዛል። ሳያውቅ የፈረመ ሰው እንደ ተስማማ አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ ለወላጅ ወይም ለወዳጅ የምታስተረጉሙ ሁሉ፣ ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ራሳችሁ ስትሆኑ ደግሞ በሩ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ሳይሆን አስቀድማችሁ ከበሽተኛው ጋር ተስማሙ። «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ለልጄ ንገሩ፤ እኔ አልሰማም» የሚል ሰው አለ፤ ያም መብቱ ነው። ሆኖም ምርጫው የእርሱ ይሁን።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ይዤ ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ልጆቿ ኮሪደሩ ላይ ወደ ጎን ሳቡኝና ያንኑ ልመና ለመኑኝ። አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ከዚያ ገብቼ እናቲቱን ጠየቅኋት። «ልጄ፣ ቁርጡን ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። እጄን ይዛ ጥቂት ዝም አለችና፣ «እንግዲያው ዛሬ ቡና ይፈላ፤ ጎረቤቶቼን ጥሯቸው» አለች።